የአከራዬ ጆሮ የት ደረሰ

ሸዋ ሮቢት የተመደብኩት የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ነው። የአገሮችን ዋና ከተማ፣ የባሕሮችን ስም፣ የነፋሶችን አቅጣጫ በቃሌ ስለማውቅ፣ አንድ ዕቃ ከቤሩት ተነስቶ እኛ ጋ ለመድረስ በየት በየት እንደሚያልፍ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዝም ብዬ ባስበው ኖሮ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ይህንኑ ለአከራዬ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ጮክ ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ አከራዬ ጆሯቸው አይሰማም።

አከራዬ ከሰባ ያለፉ፣ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ማሾ፣ ያን አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ሲነግዱ ኖረው ንግዱን ያስተዋቸው ይኸው ጆሯቸው ነው። ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ሲነጋገር ባዩ ቁጥር እሳቸውን የሚያማ እየመሰላቸው ከደንበኞቻቸው ሁሉ ተኮራረፉና በመጨረሻ ጆንያቸውን ጠቅልለው ቤት ገቡ። ቤት ውስጥም ከባለቤታቸው ጋር የሚግባቡት በእጅ ምልክትና በቁጣ ነበር። እኔ እሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እላቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ እኔን መምህር ይሉኛል።

ያላቸው አንድ ልጅ ናት። በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ቤሩት ሄዳ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በየጁምዓው ከሰላት መልስ ትደውላለች። ዓርብ የምሳ ሰዓታችን ረዘም ስለሚል እኔም በዚያ ሰዓት ቤት ነኝ። ስልኩ ሲጠራ ጋሼ አይሰሙም፤ እትዬ ትከሻቸውን ይነኳቸዋል። ከዚያ ጋሼ ስልኩን ተቀብለው ቀኝ ጆሯቸው ላይ ይለጥፉና "ደህና ነሽ ወይ" ብለው ይጮኻሉ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤት "ደህና ናት በሏቸው" ብላ ትመልሳለች። ልጅቷ የምትለው ግን አይሰማቸውም። ትንሽ ጠብቀው፣ ፊታቸው እየጠቆረ፣ ስልኩን ለእትዬ ይሰጣሉ። እትዬ ደግሞ የልጃቸውን ድምፅ ገና ሲሰሙ ማልቀስ ይጀምራሉ፤ እያለቀሱ ማስተርጎም አይቻልም። ስለዚህ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። ስልኩን በግራ እጄ ይዤ ልጅቷን እሰማለሁ፤ ከዚያ አፌን ከጋሼ ቀኝ ጆሮ ጋር አስጠግቼ እጮኻለሁ።

ጋሼ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ መቼ ነው የምትመጪው። ልጅቷም ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ መልስ ነው፤ አላውቅም በላቸው መምህር፣ ኮንትራቱን አራዘሙብኝ፣ ፓስፖርቴም እነሱ እጅ ነው። መጀመሪያ በነገረችኝ ቀን አፌን ከጆሯቸው አስጠጋሁና "አላውቅም" የሚለውን ቃል መጮህ አቃተኝ። ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚሰማው። እንዲህ ያለ ነገር ቀስ ተብሎ እንጂ ተጮኾ አይነገርም። "በቅርቡ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ" አልኩ። ጋሼ ፊታቸው በራ። በሚቀጥለው ጁምዓም እንዲሁ አልኩ፤ በሚቀጥለውም። እትዬ እውነቱን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ እኔ የምለውንም ይሰማሉ። አንድም ቀን አላረሙኝም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ በሩ ይዞራሉ። እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት ሞላን።

አንድ ጁምዓ ልጅቷ አዲስ ነገር ነገረችኝ። የምትሠራበት ቤት ያሉት አሮጊት ጆሮ ላይ የሚደረግ የመስማት መርጃ መሣሪያ አላቸው፤ ያን ሲያደርጉ በሌላ ክፍል የተንሾካሾኩትን ሁሉ ይሰማሉ አለች፤ በዚህም ብዙ መከራ አይታለች። ለአባቷ ያንኑ ዓይነት ገዝታለች። በሰው እንዳትልክ፣ ዕቃ በሰው ሲላክ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እያለ ደብዛው የጠፋባት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በፖስታ ልትልክ ነው፤ መከታተያ ቁጥርም አለው። አድራሻ ላክልኝ አለችኝ።

ጋሼ አድራሻ የላቸውም። የእሳቸው አድራሻ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ የማሾ ነጋዴው ግቢ ነው፤ ይሄን ደግሞ የባጃጅ ሾፌር እንጂ የቤሩት ፖስታ ቤት አያውቀውም። የትምህርት ቤቴን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሰጠኋት፤ በላዩ ላይ የእኔን ስም፣ ከሥሩ የትምህርት ቤቱን ስም እንድትጽፍ ነገርኳት። በዚያን ቀን ይህ ምክር በጣም ብልህነት መስሎኝ ነበር።

መከታተያ ቁጥሩን በስልክ አንብባልኝ በጠመኔ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፍኩት። መጀመሪያውም መጨረሻውም ፊደል ነው፤ መሐሉ ቁጥር። እሱን ይዤ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። የሮቢት ሙቀት ሰውን ከነልብሱ ይቀቅላል፤ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ስድስት ኮምፒውተርና አንድ ቬንትሌተር ነበሩ፤ ቬንትሌተሩ የሚዞረው ወደ ባለቤቱ ብቻ ነው። ገጹ እስኪከፈት አንድ የፈተና ወረቀት አርሜ እጨርሳለሁ። ሲከፈት ዕቃው ከላኪ ተቀብለናል ይላል። ደስ ብሎኝ ቤት ሄጄ ለጋሼ ጮህኩላቸው። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ክፍሌ ግድግዳ ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ነበረኝ። ቤሩት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደረግሁ፤ ሸዋ ሮቢት ካርታው ላይ ስለሌለች በግምት አደረግኋት። ጋሼ በርጩማቸውን ይዘው መጡና ካርታው ፊት ተቀመጡ። በሳምንቱ ዕቃው ጀርመን ገባ። ቀስቴን ከቤሩት ወደ ሰሜን ምዕራብ ሳብኩ። ጋሼ ቀስቱን በጣታቸው ተከተሉና ቤሩት ይቺ መሆኗን ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። እኛ ይቺ መሆናችንን ጠየቁ፤ አዎ አልኩ። ታዲያ ዕቃው እዚህ ምን ይሠራል አሉ። ዕቃ ሁሉ በቀጥታ እንደማይላክ፣ መጀመሪያ ወደ ትልቅ ማከፋፈያ ሄዶ ከዚያ ወደየአገሩ እንደሚበተን በክፍል ውስጥ እንደማስረዳው አድርጌ አስረዳኋቸው። ጣታቸውን ከጀርመን ላይ ሳያነሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ ከሮቢት ማሾ ጭኜ አጣዬ ለመድረስ አንድም ቀን አዲስ አበባ ሄጄ አላውቅም" አሉ።

ዕቃው ከጀርመን ወደ ኢስታንቡል ተመለሰ፤ ከኢስታንቡል ዱባይ ገባ፤ ቀስቶቼ እርስ በርሳቸው ተጠላለፉ። የሰዓቱ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ገጹ ከቀኑ በሦስት ሰዓት ተነሳ ሲል እሱ የሚለው በፈረንጅ ቆጠራ ነው፤ በእኛ ዘጠኝ ነው፤ ያውም በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ አይናገርም። ይህን ሁሉ እየቀነስኩና እየደመርኩ ለጋሼ አደርስ ነበር። አንድ ቀን ግን እኔን መጠበቅ ሰልችቷቸው የጠመኔ ካርቶኗን ይዘው ራሳቸው ኢንተርኔት ቤት ሄዱ። ባለቤቱ ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፣ የሚደርስበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ እንዳለ ወረቀት ላይ ገልብጦ ሰጣቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ወረቀቷን ይዘው ጠበቁኝ። በጣም አዝነዋል።

"መምህር፣ ስምንት ዓመት አልቆይም" አሉኝ።

የፈረንጆችን አቆጣጠር እስኪረዱልኝ ድረስ ጉሮሮዬ ተላጠ። የተረዱልኝም አይመስለኝም፤ እትዬ የወር ሂሳብ ነው ብለው በጣታቸው ሲያሳዩዋቸው ነው የተረጋጉት።

ከዱባይ በኋላ ገጹ ዝም አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ያው ዱባይ። ጋሼ ግን አንድም ቀን አልዘለሉም፤ በየቀኑ ለመግሪብ ውዱእ ሊያደርጉ ሲወጡ በሬ ላይ ቆመው የት ደረሰ ይላሉ። የእሳቸው የት ደረሰ ደግሞ ለእኔ ብቻ የሚባል አይደለም፤ ሰፈሩን ያዳርሳል። ትንሽ ቆይቶ የባጃጅ ሾፌሮችም ያዙት። አስፋልቱን ስሻገር አንዱ ፍጥነቱን ቀንሶ መምህር፣ የጋሼ ጆሮ የት ደረሰ ይለኛል። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ ሚዛኑን እንደያዘች ትጠይቀኛለች። ክፍል ውስጥ ስለ ባሕር ንግድ መስመር ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ፤ ጥያቄው ምን እንደሆነ ስለገባኝ ዕድል አልሰጠሁትም።

እኔ ባዶ እጄን ምሥራች ጠባቂ ፊት መቆም አልችልም፤ በሽታዬ ነው። ዛሬም ዱባይ ነው ማለት ሲያሳፍረኝ ዕቃውን እኔው ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። ከዱባይ አስነስቼ ጅዳ አስገባሁት። ከጅዳ በመርከብ ቀይ ባሕርን አቋረጥኩ። በአራተኛው ቀን ጅቡቲ አደረስኩት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ጀርመንን ባያውቁም የጅቡቲን መንገድ እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል፤ በጭነት መኪና ስንት ጊዜ ተመላልሰውበታል። ወዲያው መቁጠር ጀመሩ፤ ከጅቡቲ ሚሌ ይሄን ያህል፣ ከሚሌ በባቲ ኮምቦልቻ ይሄን ያህል፣ ከኮምቦልቻ ሮቢት ደግሞ ግማሽ ቀን። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሼን አስፋልቱ ዳር፣ ያቺን በርጩማቸውን አስቀምጠው፣ ጥላቸውን ዘርግተው አገኘኋቸው። ከደሴ በኩል የሚመጣውን እያንዳንዱን ካሚዮን ታርጋውን እያዩ ነበር። አንዳንዱን ሾፌር ለማስቆም እጃቸውን ያነሳሉ፤ ሾፌሩ ሰላምታ መስሎት ጥሩምባ ነፍቶላቸው ያልፋል፤ እሳቸው አይሰሙትም።

ያን ዕለት ራሴን በጣም ተጸየፍኩት። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ዕቃው ከጅቡቲ በአየር እንዲመጣ ተወስኗል ብዬ ጮህኩ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ውሸቱን በአውሮፕላን ጫንኩት። ጋሼ መንግሥትን መርቀው በርጩማቸውን አነሱ።

እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሳምንት ገጹ ራሱ ተንቀሳቀሰ። አዲስ አበባ ገብቷል አለ። ከዚያ ጉምሩክ ፈትሾታል አለ፤ ከዚያ ወደ ተቀባዩ ተልኳል አለ። እኔና ጋሼ ካርታውን ትተን በጣታችን ቀን መቁጠር ጀመርን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገጹን ስከፍተው ዕቃው ለተቀባዩ ተሰጥቷል ይላል።

ተቀባዩ እኔ ነኝ። የተሰጠኝ ነገር የለም። እጄን ሁሉ አየሁት።

ጀርመንንና ኢስታንቡልን አንድም ቀን ሳልጠራጠር ያመንኩት ሰውዬ፣ ይሄን አንዱን ቃል ግን አላመንኩም። ገጹ ተሳስቷል አልኩ። ምናልባት የተሰጠው አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው ብዬ በሰኞው ፈቃድ ጠይቄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የቆላ ልብሴን እንደለበስኩ ደብረ ሲና ስንደርስ ጥርሴ መንቀጫቀጥ ጀመረ፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጋቢያቸውን ግማሹን አለበሱኝ። አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው የጠመኔ ካርቶኗን አየ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ ወደ እናንተ ከወረደ ሰነበተ፤ እኛ ጋ ምን ልትሠራ መጣህ አለኝ። እውነቱን ነው። በማግስቱ ተመልሼ ወደ ሮቢቱ ፖስታ ቤት ሄድኩ። እዚያም ሠራተኛዋ መዝገቡን ገለጠችና የትምህርት ቤታችሁ ተላላኪ ፈርሞ ወስዷል ብላ ፊርማውን አሳየችኝ።

ተላላኪያችን በሳምንት አንዴ የፖስታ ሣጥኑን የሚከፍት፣ ትሁትና ዝምተኛ ሰው ነው። ጠየቅሁት፤ የወሰድኩትን ሁሉ ለቢሮ አስረክቤያለሁ አለኝ። መዝገብ ቤት ሄድኩ፤ ለአንተ የመጣ ደብዳቤ የለም አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስፈተሽኳቸው፤ ለአንተ የመጣ ደብዳቤ የለም። አንድ ጊዜ እንኳ ደብዳቤ ሳይሆን ዕቃ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። በልቤ ተላላኪው ወስዶታል ብዬ ደመደምኩና ሰላምታዬን ነፈግሁት። ድሀው ጠዋት ጠዋት ቆቡን እያነሳ ሰላም ሲለኝ እኔ ሰማይ ሰማይ አይ ነበር።

ለጋሼ ግን ምን ልበል? ጉምሩክ መልሶ ይዞታል አልኩ። ይህን ማንም ያምናል። ጋሼም አመኑ፤ ሰፈሩም አመነ፤ የባጃጅ ሾፌሮቹም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር ተኩል አለፈ። በየጁምዓው ልጅቷ ደረሰላችሁ ወይ ትላለች፤ እኔ ጉምሩክ ነው እላታለሁ። ከዚያ ዞሬ ለአባቷ በቅርቡ ትመጣለች እላለሁ። ጋሼ ግን እየተለወጡ ነበር። ስልኩ ሲመጣ መጮኻቸውን ተዉ። ጆሯቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ምንም እንደማይሰሙ እናውቃለን፤ ቢሆንም እስኪበቃቸው እንጠብቃለን።

ሰኔ ላይ የትምህርት ቤቱ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኛ ጋ ለኮሚቴ የሚመረጠው በስብሰባው ላይ የሌለ ሰው ነው፤ እኔ ያን ቀን ኢንተርኔት ቤት ነበርኩ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጡረታቸው የተቃረበ፣ መነጽራቸውን በክር ያሠሩ እናት ናቸው። የካይዘን ሥልጠና ወስደው ከመጡ ወዲህ በመጋዘኑ ውስጥ ምልክት ያልተለጠፈበት ነገር የለም፤ መጥረጊያው ላይ መጥረጊያ የሚል ተጽፏል። እሳቸው መደርደሪያው ላይ ያለውን እያነሱ ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ግሎብ ሦስት፣ አንዱ ደቡብ ዋልታ የሌለው። የእግር ኳስ ሁለት፣ የተነፈሱ። ሚዛን አንድ። ደወል አንድ፣ ምላስ የሌለው።

"የመስማት መርጃ መሣሪያ አንድ" አሉ።

ብዕሬ ቆመ። በእጃቸው የያዟት ትንሽ ነጭ ካርቶን ናት። በላይዋ ላይ የእኔ ስም አለ፤ ከሥሩ የትምህርት ቤቱ ስም። ተነስቼ ተቀበልኳቸውና ከፈትኳት። መሣሪያው ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ እሳቸው ግን በዚያችው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም የትምህርት ቤቱን የንብረት ቁጥር ከነእዝባሩ ጽፈውበታል። እንዴት እንደቻሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ይሄ እኮ የእኔ ነው አልኩ። እሳቸው በጣም ተረጋግተው ይሄ የልዩ ፍላጎት ኮሚቴ ንብረት ነው አሉኝ። ለካስ ትምህርት ቤቱ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች እርዳታ ይመጣል ተብሎ ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ ነበር፤ የጆሮ መሣሪያ ሲመጣ በቃ እርዳታው ደረሰ ብለው ገቢ አደረጉት። የእኔ ስም ላዩ ላይ መኖሩም አላስገረማቸውም፤ የልዩ ፍላጎት ኮሚቴ ጸሐፊው እኔ ነኝ። እውነት ነው፤ ለዚያም የተመረጥኩት በሌለሁበት ነው፤ ኮሚቴው ተሰብስቦ ስለማያውቅ ረስቼዋለሁ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"በደብዳቤ አሳውቄሃለሁ እኮ፤ ፈርመህ ነው የወሰድከው" አሉኝና ቀሪውን ከፋይሉ አወጡ።

ፊርማዬ ነው፤ ያ ጅራቱ የሚረዝመው። ለልዩ ፍላጎት ኮሚቴ ጸሐፊ የሚል ደብዳቤ ነው፤ አንድ የመስማት መርጃ መሣሪያ በሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ ገቢ መሆኑን እናሳውቃለን ይላል። የተጻፈው ገጹ ለተቀባዩ ተሰጥቷል ካለበት ቅዳሜ በኋላ በነበረው ሰኞ ነው። ሳላነበው ፈርሜ የተቀበልኩት ዋናው ወረቀት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ አንብቤው በማላውቀው የኮሚቴ ፋይል ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ብርድ ስመታ፣ ተላላኪውን ሌባ ሳደርግ፣ አንድን ሽማግሌ ሁለት ወር ተኩል ጉምሩክን ሳስጠብቅ፣ ነገሩ ያለው ከእኔ ጉልበት አንድ ስንዝር ርቆ ነው። ከመጋዘኑ ወጥቼ መጀመሪያ ተላላኪውን ፈልጌ ሰላም አልኩት፤ ረጅም ሰላምታ፤ ምን እንደነካኝ አልገባውም።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ሴትዮዋ አሁን ወስደህ ሂድ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። በሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ የገባ ነገር የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ዕቃ ደግሞ የግል ነበር ተብሎ አይወጣም አሉኝ። ለሥራ የሚፈልግ ሠራተኛ በሞዴል ሃያ ጠይቆ፣ ርዕሰ መምህሩ ፈቅደው፣ በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርሞ ይወስዳል፤ ሲዛወር ይመልሳል። ሴትዮዋ ክፋት የላቸውም፤ ሕጉን እንደ ሃይማኖታቸው ነው የያዙት። መጠየቂያውን ሞላሁ። የሚፈለግበት አገልግሎት ከሚለው ፊት ብዙ አስቤ "ለመስማት" ብዬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ አነበቡት፣ ቀና ብለው አዩኝ፣ በአዘኔታ ፈረሙልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ያህል መምህራኑ ሁሉ ሲያናግሩኝ ይጮኹብኝ ነበር።

እንዲህ ሆኖ የጋሼ ጆሮ በሕግ የትምህርት ቤቱ፣ በፊርማ የእኔ፣ በተግባር የእሳቸው ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስዛወር ክሊራንስ የሚባለው ነገር መጣና ከሰው ጆሮ ላይ ነቅዬ ልመልስ ነው ብዬ ስጨነቅ፣ እኚያው የንብረት ክፍል ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ብለው ሰረዙልኝ። በሕይወታቸው የሠሩት ብቸኛ የደንብ ጥሰት ይመስለኛል።

መሣሪያውን የሰጠኋቸው ረቡዕ ነው። ቀይዋን ቁጥር አይተው ፋብሪካው የጻፈው መሰላቸው፤ እኔም አላረምኳቸውም። እትዬ ጆሯቸው ውስጥ አስገቡላቸውና ቁልፏን ጫኑ። ጋሼ ደነገጡ። ዶሮዎቹን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ እግራቸውን አንስተው መሬቱን መቱና የነጠላ ጫማቸውን ድምፅ አዳመጡ። ይሄ ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻል እንዴ ብለው እትዬን ጠየቋቸው። የጠየቁት እንደ ዱሮው እየጮኹ ነው፤ ወዲያው ግን የራሳቸው ድምፅ ጆሯቸውን መታቸውና ቀስ ብለው ይቅርታ ጠየቁን። ስድስት ወር የሰፈሩ ሰው ሁሉ የጠበቀው ጆሮ ደርሷልና ያን ዕለት ግቢያችን ሰው ሲወጣና ሲገባ ዋለ።

እኔ ግን ደስታው አልዘለቀልኝም። ከነገ ወዲያ ጁምዓ ነው። ሐሙስ ማታ ሄጄ ሁሉንም ልነግራቸው በራቸው ድረስ ደርሻለሁ፤ ገብቼ ስለ ሙቀቱ አውርቼ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ።

ጁምዓ ስልኩ ሲጠራ ጋሼ ራሳቸው ሰሙት። በሁለት እጃቸው አነሱት። እኔ በለመድኩት ቦታ፣ በቀኛቸው ነበርኩ። ልጅቷ አባዬ ስትል እኔ ድረስ ይሰማል። ጋሼ ግን ግራ ገብቷቸው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና ወደ እኔ ዞሩ።

"ይቺ ማን ናት?" አሉኝ።

ልጅዎ ናት አልኳቸው። የእኔ ልጅ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ይቺ ትልቅ ሴት ናት አሉ። እውነታቸውን ነው። ሲለዩ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ጆሯቸውም ገና በዚያው ሰሞን ነው መድከም የጀመረው። ስድስት ዓመት ሙሉ በጭንቅላታቸው ውስጥ የሚሰሟት የሄደችውን ልጅ ነበር። ስልኩን መለሱና እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ መለያ ምልክት ጠየቋት፤ ልጅ ሳለሽ ከማሾው ጆንያ ላይ ወድቀሽ የተሰበረው የትኛው እጅሽ ነው አሏት።

"ግራው ነው። ደግሞ አልወደቅሁም፤ አንተ ነህ የጣልከኝ" አለች።

ጋሼ ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው መጣ፤ እትዬም በበኩላቸው ሥራቸውን ጀምረው ነበር። ከዚያ ጋሼ፣ በማላውቀው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መቼ ነው የምትመጪው አሏት።

"አላውቅም አባዬ" አለች።

እኔ ምን ነካኝ? ከልማድ የተነሳ አፌን ወደ ቀኝ ጆሯቸው አስጠግቻለሁ። በቅርቡ ልል ከንፈሬን ስከፍት ጋሼ እጃቸውን አንስተው ደረቴ ላይ አደረጉት፤ ቀስ ብለው፣ በር እንደሚዘጋ ሰው። እስከ ዛሬም እንዲህ ነበር ወይ ስትዪ የነበረው ብለው ጠየቋት። ልጅቷ አዎ አለች። ጋሼ እሺ አሉ። ምሳ ምን እንደበላች ጠየቋት። የምትተኛው የት እንደሆነ ጠየቋት። መስኮት አለው ወይ አሏት። ካርዷ እስኪያልቅ ስለ ዶሮዎችና ስለ መስኮት አወሩ። እኔ ከዚያ ቦታ መነሳት ፈልጌ ነበር፤ እጃቸው ግን ደረቴ ላይ ስለነበር አልተነሳሁም።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። አፍሬ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጃቸውን በየሳምንቱ አምጥቼ በየሳምንቱ መልሼባቸዋለሁ። ጋሼ መሣሪያውን ከጆሯቸው አውጥተው በመሐረባቸው ጠረጉና ካርቶኗ ውስጥ አስቀመጡት።

"መምህር፣ አንተ ስትነግረኝ ይሻል ነበር" አሉኝ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ለምሳ ቤት ስመጣ ከሰላት ቀደም ብለው ተመልሰው፣ መሣሪያቸውን አድርገው፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁ ነበር። እኔን አልጠሩኝም።